መልእክቱ ደርሷል፤ ሰሚ አለ?

እራት በልተው ሲያበቁ በሰውነትዎ ውስጥ መልእክተኛ እንደሚላክ ያውቃሉ? ከምግቡ የተገኘው ስኳር ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይልካል። ይህ መልእክተኛ የጡንቻ ሴል ዘንድ ሲደርስ መልእክቱን የሚሰጠው ከደጅ ሆኖ ነው። በሴሉ ሽፋን ላይ ለእርሱ የተዘጋጀ ተቀባይ ይጠብቀዋል። ሁለቱ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ሲገጥሙ፣ መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ያን ጊዜ በሴሉ ውስጥ የነበሩት የስኳር በሮች ወደ ሽፋኑ ይወጣሉ፤ ስኳሩም ይገባል።

በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚጠፋው መልእክተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ሊሞት የተቃረበው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ኢንሱሊን በመርፌ ተሰጠው፤ ከዚያም በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

በሁለተኛው ዓይነት ግን መልእክተኛው አለ፤ የሚቸገረው ሰሚው ነው። ሴሎቹ መልእክቱን በሚገባ ስለማይሰሙ ቆሽት ደጋግሞ ይልካል፤ ውሎ አድሮ እርሱም ይደክማል።

ደስ የሚለው ነገር፣ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ በሮቹን ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ከእራት በኋላ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ወጣ ብለው በእግር ይሂዱ። መድኃኒት የታዘዘልዎ ከሆነ ግን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ። የትዳር ጓደኛዎ የውኃ ጥምና ሽንት እየበዛባቸው «ደህና ነኝ» ቢሉዎት፣ በዚህ ቃል ብቻ አይርኩ፤ አብረው ሄደው ደማቸውን ያስመርምሩ።