ስለ እርሾና ስለ ዳቦ አጋገር ለሚቀርቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በየአውራጃውና በየወረዳው ለምትገኙ ክቡራን ሹማምንትና ባለ መሬቶች።

ስንዴን አርሶ፤ አጭዶና ወቅቶ ወደ ጐተራ ማስገባት የአንድ ዓመት ድካም ነው። ሊጡ ሳይነሣ ቀርቶ ዳቦው እንደ ድንጋይ በደረቀ ጊዜ ግን ይህ ድካም በአንድ ሌሊት ከንቱ ይሆናል። ከዚህም የሚከፋው፤ ጥፋቱን በጋጋሪዪቱ እጅ ወይም በጎረቤት ዓይን ማመካኘት ነው። በዚህ ሰበብ ሠራተኛ ትባረራለች፤ ጎረቤትም ከጎረቤት ይቀያየማል። ስለዚህ አዘውትረው የሚነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እንጽፋለን።

1ኛ ጥያቄ። እርሾ ሊጥን የሚያነሣው በምን ኃይል ነው?

መልስ። በእርሾ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ረቂቃን አሉ። ማቡካት የእነርሱ ሥራ መሆኑን የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1857 ዓመት ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አስረድቷል። ረቂቃኑ በሊጡ ያለውን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዲኦክሲድ የሚባለውን አየር ያወጣሉ፤ አየሩም በሊጡ ውስጥ ታግቶ ይነፋዋል። እንግዲህ እርሾ እንደ ከብት ነው፤ ካልበላ ይደክማል፤ ከበረደው ይደነዝዛል፤ ከተቃጠለም ይሞታል።

2ኛ ጥያቄ። ሊጡ ሳይነሣ የሚቀረው ስለ ምንድር ነው?

መልስ። ምክንያቱ አራት ነው። አንደኛ፤ ብርድ ነው። ሊጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይስማማዋልና በክረምት በወፍራም ልብስ ሸፍኖ በምድጃ አጠገብ ማኖር ይገባል። ሁለተኛ፤ በሚፋጅ ውሃ ማቡካት ነው፤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ እርሾው ይሞታልና። ሦስተኛ፤ እርሾው ዱቄትና ውሃ ሳይጨመርለት ብዙ ቀን መቆየቱ ነው። አራተኛ፤ የጨው መብዛት ነው። ለአንድ ኪሎ ዱቄት 20 ግራም ጨው ይበቃል።

3ኛ ጥያቄ። የጤፍ ሊጥ እያቦካ ሳለ እንደ ስንዴ ዳቦ ከፍ የማይለው ስለ ምንድር ነው?

መልስ። የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲታሽ ግሉተን የሚባል እንደ ጅማት የሚሳብ ነገር ያበጃል፤ አየሩንም አግቶ የሚይዘው እርሱ ነው። ጤፍ ይህ ስለሌለው አየሩ እየፈነዳ ይወጣል፤ የእንጀራ ዓይንም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የስንዴ ሊጥ በሚገባ መታሸት አለበት።

4ኛ ጥያቄ። ዳቦ ከልክ በላይ የሚኰመጥጠውስ?

መልስ። ሊጡ ከጊዜው አልፎ ሲቆይ በእርሾው ያሉ ሌሎች ረቂቃን ኰምጣጣውን ያበዙታል። ደግሞም እንደ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ የአየሩ ክብደት ያነሰ ስለ ሆነ፤ በሙቀት የተያዘ ሊጥ ከቈላ ይልቅ ፈጥኖ ይነፋል። ስለዚህ ሰዓት ቈጥሮ ከመጠበቅ ሊጡን በጣት መንካት ይሻላል። የተነካው ሥፍራ ቀስ ብሎ ከተመለሰ፤ በኮባ ቅጠል አድርጎ ከላይና ከታች እሳት ይጋገር። የበሰለ ዳቦ ከሥሩ ሲመታ እንደ ከበሮ ይጮኻል።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፤ ዳቦ ተበላሸ የሚል አቤቱታ በመጣ ጊዜ ሰው ከመወቀሱ በፊት እርሾው፤ ውሃውና ሙቀቱ ይመርመር። ይህን ለሕዝቡ ብታስረዱ እህል ከብክነት፤ ንጹሕ ሰውም ከሐሜት ይድናል።