በጥምቀት ንጋት የሚሞላው ቁጥር

በጅማ ቦሳ አዲስ ቀበሌ የቡና ደረሰኝና የልጆች ፎቶግራፍ በተከማቹበት ኮምፒውተር ላይ ከፋይሉ ስም አጠገብ የተጻፈበት ዕለት ይነበባል፤ ማሽኑ ግን ወርንም ዕለትንም አያውቅም፣ የያዘው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች ኍልቍ ብቻ ነው። ይህን ኍልቍ ጽፎ የሚያኖረው መዝገብ ቤት ፋይል ሲስተም ይባላል።

ቀድሞ ለኍልቁ የተመደበለት ስፍራ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 ቤት፣ ስለ ነበረ ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ ልኩም የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ፣ ታቦታት ከውኃው ዳር ባደሩበት በጥምቀት ማለዳ ነው። አንዲት ሴኮንድ ስትጨመርበት ቁጥሩ ወደ አሉታ ይገለበጥና ዕለቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክ በዙፋናቸው፣ ዳግማዊ አባ ጅፋርም በጅሬን የነበሩበት ዘመን ይሆናል።

ትርፉን መጣል በራሱ ነውር አይደለም፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ለዚያው ለ2030 ወንበሩን 5 አግኝተው በ11 ሲያበዙት 55 ይሆንላቸዋል፣ 30ውን ገድፈው 25ቱን አበቅቴ ይሉታል፤ ዳሩ ግን ምን እንደ ገደፉና ስለ ምን እንደ ገደፉ ያውቃሉ። ማሽኑ ለማንም ሳይናገር ይገድፋል።

ኤክስት4 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሁለት ቢት ጨምሮ ዘመኑን እስከ 2446 እ.ኤ.አ. ቢያራዝምም፣ አዲሶቹን ቢቶች ከቀድሞዎቹ ጋር የሚያጋጥመው መስመር ራሱ ግድፈት ነበረበት። አሉታ ቁጥር ወደ 64 ቢት ሲሰፋ የላይኛው ስፍራ ሁሉ በ1 ይሞላል፤ መስመሩም ጭማሪውን «ወይም» በሚሉት ስሌት ያኖርበት ስለ ነበረ፣ በ1 ላይ 1 ቢያኖሩ የሚለወጥ የለምና ዕለቱ እዚያው በ1894 ይቀር ነበር። በሊኑክስ 4.4 የገባው እርማት «ወይም»ን በመደመር ተካው፤ ከአሉታ 2,147,483,648 ላይ 4,294,967,296 ሲደመር አዎንታ 2,147,483,648 ይወጣል፣ ይህችም ያቺው የጥምቀት ማለዳ ቀጣይ ሴኮንድ ናት።

እርማቱን የሚመረምር ሰው ይህን ድምር በወረቀት ላይ በእጁ ሳይሠራ ማለፍ የለበትም፤ ሠርቶም ቢሆን ገና አልጨረሰም፣ ኮዱ ቢታረም በዲስክ ላይ አስቀድሞ የተጻፈው አብሮ አይታረምምና። የቀድሞዎቹ ከርነሎች፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት እትሞች፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ላሉት ዕለታት ሁለቱንም ቢቶች በስሕተት 1 አድርገው ጽፈው ነበር፤ መደመሩ ብቻውን ቢተው እነዚያን መዛግብት ወደ ሩቅ መጪ ዘመን በወሰዳቸው። ስለዚህ አራሚዎቹ እንዲህ የተጻፈውን እንደ ጥንቱ የሚያነብ መስመር አከሉ፣ እስከ ከርነል 4.20 ድረስም አሮጌዎቹ ዲስኮች ዲስክን በሚመረምረው ፕሮግራም አልፈው ይቃናሉ ብለው ገመቱ፤ እኔ ከመደመሩ ይልቅ የማደንቀው ይህን ለአሮጌው ጽሕፈት የተተወ ጊዜ ነው።