ደም ከሰው ሠራሽ ቫልቭ ጋር ሲገናኝ

አዳማ፣ ሞጆ ወይም ባቱ ያለ ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው ቤተሰቡ «ቶንሲል ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሕመሙ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ ከሆነና ሳይታከም ከቀረ ግን የሩማቲክ ትኩሳት አስከትሎ የልብ ቫልቮችን ሊያበላሽ ይችላል። ከጥገና በላይ የሆነ ቫልቭ በሰው ሠራሽ ይተካል። በአገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቦታዎች አንዱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ነው፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋሙት ድርጅት በ2009 ለአገልግሎት አብቅቶታል።

የሜካኒካል ቫልቭ ክንፎች ከፓይሮሊቲክ ካርቦን ይሠራሉ፤ ጥቁር፣ ጠንካራና እስኪያብረቀርቅ የተወለወለ ነው። ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ደም ግን ባዕድነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

የደም ሕዋሳት ገና ሳይደርሱ፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ ፕሮቲኖች ገጹ ላይ ይለጠፋሉ። በመጀመሪያ ቦታ የሚይዘው ትንሽና ብዛት ያለው አልቡሚን ነው። ቀጥሎ አምስት እጥፍ ያህል የሚከብደው ፋይብሪኖጅን ደርሶ ያስለቅቀዋል፤ ሠርግ ዳስ ውስጥ ቀድመው የተቀመጡ ልጆች ሽማግሌዎች ሲገቡ ወንበር እንደሚለቁት ነው። ይህን መተካካት ያጠኑት ትውልደ ሆላንዳዊው ሊዮ ቭሮማን (1915–2014) ሲሆኑ፣ ክስተቱም በስማቸው ይጠራል።

አደጋው ያለው ተለጣፊው ቅርጹን ሲለውጥ ነው። የፋይብሪኖጅን የተሸሸጉ ክፍሎች ይጋለጣሉ፤ ፕሌትሌቶች የተባሉ የደም ሕዋሳት እነሱን ይዘው ይከማቻሉ፤ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል።

ላብራቶሪዎች ይህንኑ ባሕርይ ይጠቀሙበታል። ደም በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከፕላስቲኩ ይልቅ ፈጥኖ ይረጋል፤ የብርጭቆው ገጽ የመርጋቱን ሰንሰለት የሚያስነሳውን ፕሮቲን ይቀሰቅሰዋልና። ሴረም የሚወሰድበት ባለ ቀይ ክዳን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሲሊካ የሚቀባው ለዚህ ነው።

ሜካኒካል ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። መድኃኒቱ የፕሮቲኖቹን መለጠፍ አያግድም፤ ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚያመርታቸውን ደም አርጊ ፕሮቲኖች ያዳክማል። ልኩ አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ይታወቃል፦ ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ መድማት ይመጣል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ በድንገት አብዝቶ መብላት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። ይሁን እንጂ ጎመን አይከለከልም፤ ጾም ሲገባም ሲፈታም የሚበላው መጠን እንዳይዋዥቅ መጠንቀቅ፣ አመጋገቡ ከተለወጠም ለሐኪም ነግሮ ምርመራውን ማስደገም ያስፈልጋል።