ስድስት ፊደላትና የወለዷቸው ቃላት

ቲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኢ። እነዚህ ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደላት በዚሁ ተራ ሲጻፉ «ቲዛን» የሚል ቃል ይሆናሉ። ትርጉሙ ከደረቀ ቅጠል ወይም ከአበባ የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ የዕለት ንግግር ብዙም አይሰማም። ስክራብልን በውድድር ደረጃ የሚጫወቱ ሰዎች ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩታል። ከሃያ ስድስቱ ፊደላት ውስጥ ከኪው እና ከዋይ በቀር የትኛውም ፊደል ቢጨመርበት፣ ተገለባብጦ ባለ ሰባት ፊደል ቃል ይወጣዋልና።

ስክራብል ከሁለት እስከ አራት ሰው የሚጫወተው የቃላት ጨዋታ ነው። ሰሌዳው 15 በ15 ሆኖ 225 ቤቶች አሉት። በከረጢቱ ውስጥ 100 ጠጠሮች አሉ፤ በ98ቱ ላይ ፊደል ተጽፎባቸዋል፣ ሁለቱ ባዶ ስለሆኑ ተጫዋቹ የፈለገውን ፊደል ያደርጋቸዋል። እያንዳንዱ ሰው ሳያይ ሰባት ጠጠር አውጥቶ በፊቱ ይደረድርና፣ ተራው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ካሉት ቃላት ጋር የሚጋጠም ቃል ይሠራል። ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ያወረደ ተጫዋች ከቃሉ ዋጋ በላይ 50 ነጥብ ይመረቅለታል። ተጫዋቾችን ረጃጅም ቃላት ፍለጋ የሚያሰማራቸው ይህ ምርቃት ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ ሞሸር በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራውን ሲያጣ፣ ዕድልም ችሎታም የሚጠይቅ ጨዋታ ለመሥራት ተነሣ። የትኛው ፊደል ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ለማወቅ ኒው ዮርክ ታይምስን የመሰሉ ጋዜጦችን ዘርግቶ ፊደል በፊደል ቆጠረ። የዛሬው ስክራብል አሁንም በዚያ ቆጠራ ላይ የቆመ ነው። ኢ የተባለው ፊደል 12 ጠጠር አለው፤ ኪው እና ዜድ ግን አንዳንድ ብቻ ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያወጣሉ። ኤስ በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተር ፊደል ቢሆንም የተሰጠው አራት ጠጠር ብቻ ነው፤ ስም ሁሉ ላይ እየቀጠሉ ማብዛት ጨዋታውን እንዳያቀልለው ሲባል። የበትስን ጨዋታ አምራቾች ለዓመታት ፊት ነሡት። በ1948 ጄምስ ብሩኖት የተባለ ሰው ተረክቦ «ስክራብል» የሚለውን ስም አወጣለት፤ ገበያው የደራውም ከ1952 ወዲህ ነው።

እኔ የበትስን ቆጠራ የማደንቀው የቲዛንን ስድስት ፊደላት ዋጋ ስመለከት ነው። ስድስቱም የሚያወጡት አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ጀማሪ ኪው ወይም ዜድ ሲወጣለት ደስ ይለዋል፤ የበሰለ ተጫዋች ግን እነዚህን ርካሽ ፊደላት በመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ ያከማቻል፤ ሰባተኛው ፊደል ሲመጣ 50 ነጥቡን የሚያስገኙለት እነሱ ናቸውና። እንዲህ ያሉትን ስድስት ፊደላት ተጫዋቾቹ «ግንድ» ይሏቸዋል።

እንግዲህ ግንዱ ምን ምን እንደሚያፈራ እንይ። ኤል ሲጨመርበት «ኢላስቲን» ይወጣል፤ ቆዳችን ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርገው ፕሮቲን ነው። ያንኑ ፊደል ይዞ «ሴይሊየንት»ም ይሆናል፤ ጎልቶ የሚታይ፣ ዋና ማለት ነው። በዲ «ኢንስቴድ» ማለትም በምትኩ፣ «ስቴይንድ» ማለትም የቆሸሸ ወይም ቀለም የነካው፣ «ዲቴይንስ» ማለትም ያስራል ወይም ያዘገያል የሚሉ ቃላት ይገኛሉ። በፒ «ሴፒየንት» ይወጣል፤ ጥበበኛ ማለት ነው። በዩ ደግሞ «አንቲስ»፣ አክስቶች። በኤች የሚመጣው የአማርኛ አንባቢን ያስገርማል፤ «ሸይጣን» ነው። ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገባው ይህ ቃል፣ እኛ የምናውቀው ያው ሸይጣን ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ በሁለተኛ ኢ የሚገኘው «ኢቲዢያን» ነው። በየዓመቱ በበጋ ወራት ከሰሜን ተነሥቶ የኤጂያንን ባሕርና ምሥራቃዊውን ሜዲትራኒያን የሚያቋርጥ ነፋስ ነው፤ ስሙ «ዓመታዊ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የጥንት ግሪኮች ዓባይ ግብፅ ውስጥ ለምን በበጋ እንደሚሞላ ግራ ይገባቸው ነበር፤ ሌሎች ወንዞች በዚያ ወቅት ሲጎድሉ ያያሉና። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ኢቲዢያን ነፋስ የወንዙን አፍ ወደ ኋላ እየገፋ ውኃው ባሕር እንዳይገባ ስለሚከለክለው ነው አሉ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ይህን ሐሳብ በመጽሐፉ ጠቅሶ ውድቅ አድርጎታል፤ ነፋሱ ባልነፈሰባቸው ዓመታትም ዓባይ ይሞላል፣ ደግሞም ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበሉ ሌሎች ወንዞች እንደዚያ አይሆኑም ብሎ ተከራከረ። እውነተኛው ምክንያት በእነሱ በጋ የሚውለው የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ነበር። ስለ ዓባይ የተነሣ እንዲህ ያለ የጥንት ክርክር ከሰባት ተራ ፊደላት ጀርባ ተደብቆ ይገኛል።

ከቲዛን ጋር የሚፎካከር ሌላ ግንድ «ሬቲና» ነው፤ በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን። ኤስ ሲጨመርበት ቢያንስ ዘጠኝ ቃላት ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ «ሬትሲና» የጥድ ሙጫ ጣዕም ያለው የግሪክ ወይን ጠጅ ነው፤ «ስቲያሪን» ከሞራ የሚገኝ፣ ሻማ የሚሠራበት ቅባት ነው፤ «ሪቴይንስ» ይዞ ያቆያል፣ «ናስቲየር» ደግሞ ይበልጥ የከፋ ማለት ነው።

ጨዋታው ትርጉም አይጠይቅም፤ ቃሉ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ይበቃል። ይህንንም የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ አሳይቷል። በእንግሊዝኛ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ይህ ሰው፣ በ2015 ፈረንሳይኛ ሳይናገር የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ የስፓኒሽኛውን። የሪቻርድስ የማስታወስ ችሎታ የሚደነቅ ነው። ሆኖም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለምንማር ሰዎች ፊደሉን ያለ ትርጉሙ መያዝ ግማሽ መንገድ ቀርቶ መቆም ይመስለኛል።

የእኛም ቃላት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ጤፍ አለ፣ እንጀራ አለ፣ ጭላዳም «ገላዳ» ተብሎ ገብቷል። ጫት በኪው ሲጻፍ ዩ ሳያስፈልገው ኪውን የሚያወርድ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ስለሆነ ተጫዋቾች በጣም ይፈልጉታል። ብርም አለ፤ መዝገበ ቃላቱ ከገንዘባችን ሌላ የሚሽከረከር ነገር ድምፅ የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። «ንጉሥ»ም እንዲሁ ነው፤ ከኢትዮጵያ ገዥ ማዕረግ ጎን፣ ኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ እንግሊዛዊ ስም የተጠራ ስኳርና ሎሚ የገባበት ትኩስ የወይን መጠጥ ተጽፎ ይገኛል።

የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን ጨዋታ ወደ ክፍላችሁ አስገቡት። ስድስቱን ፊደላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ሰባተኛውን ተማሪ ይምረጥ፣ የተገኘውን ቃል ትርጉም ከመዝገበ ቃላት አውጥቶ ያንብብ። የተገዛ ሰሌዳ ከሌለ ካርቶን ቆርጦ መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገው ኢ 12፤ ኤ እና አይ 9 9፤ ኦ 8፤ ኤን፣ አር እና ቲ 6 6፤ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ እና ዲ 4 4፤ ጂ 3፤ ቢ፣ ሲ፣ ኤም፣ ፒ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ ቪ፣ ደብሊው እና ዋይ 2 2፤ ኬ፣ ጄ፣ ኤክስ፣ ኪው እና ዜድ 1 1፤ ባዶ ደግሞ 2 ነው።