ከአፍ ጠፍተው ወረቀት ላይ የቀሩ ፊደላት

«ናይት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ሲነገር ብንሰማ ሌሊት ይሁን ባለ ጥሩር ፈረሰኛ መለየት አንችልም። ሲጻፍ ግን ፈረሰኛው ከፊቱ ኬ አለችው፤ ኬዋ ደግሞ አትነበብም። ተማሪ እንዲህ ያለችውን ፊደል እንደ ቅጣት ያያታል። እኔን የምታስታውሰኝ የራሳችንን ፊደል ነው።

በግዕዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ለፀሐይ ነው፤ ወጣች ለማለት። በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ዛሬ ሁለቱን የምናነባቸው በአንድ ድምፅ ነው፤ ድሮ ግን ለየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። እንግሊዝኛም ይኸው ነው የደረሰበት። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ሲተክል፣ የፈረሰኛው ኬ ገና ከአፍ አልጠፋችም ነበር። ኅትመት አጻጻፉን እያጸናው ሄደ፤ አንደበት ግን መለወጡን አላቆመም።

ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ቃላት በዝርዝር ከመሸምደድ ዘመዶቻቸውን መፈለግ ይሻላል። «ሂር» መስማት ሲሆን ጆሮ ማለት የሆነው «ኢር» ሳይጎድል በውስጡ ይጻፋል። «ሂር» እዚህ ሲሆን ደግሞ እዚያ ከሚለው «ዜር» እና የት ከሚለው «ዌር» ጋር ይዛመዳል፤ ሁለቱም ቃሉን እንዳለ ይዘውታል፤ ሦስቱም የቦታ ቃላት ናቸው። የእነሱ ማለት የሆነው «ዜር» ከዚህ ቤተሰብ የለበትም፤ ከሰሜን በመጡት በቫይኪንጎች ቋንቋ በኩል የገባ ነው።

ከሁሉ የምወደው የስቴሽነሪን ታሪክ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ በሚሸጥበት ሱቅ ታፔላ ላይ ቃሉ በኢ መጻፍ ሲገባው በኤ ተጽፎ አይቻለሁ፤ በኤ ሲጻፍ «የማይንቀሳቀስ» ማለት ነው። ስህተቱ አያስገርምም፤ የሁለቱ ቃላት ምንጭ አንድ ነውና። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ እየዞረ ከሚሸጠው ነጋዴ ተለይቶ ቋሚ ሱቅ የያዘው መጻሕፍት ሻጭ «ስቴሽነር» ይባል ነበር፤ ቃሉ መቆም ከሚለው የላቲን ግስ የመጣ ነው። የሻጩ ስም በኢ እና በአር ስለሚያበቃ ዕቃውም ኢን ወረሰ። ይህን የሰማ ሰው ሁለቱን ዳግም ያምታታል ብዬ አላምንም።

እንግሊዞቹ ራሳቸው የማያምታቷቸው፣ የእኛ ጆሮ ግን አንድ የሚያደርጋቸው ቃላትም አሉ። መርከብም በግም ለእኛ «ሺፕ» ናቸው። አማርኛ የሚጠነቀቀው ለተነባቢ ነው፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት መሆኑን ሕፃን እንኳ አይስትም። አናባቢ ረዘመ አጠረ ብሎ ትርጉም መለየት ግን ልማዳችን አይደለም። በጉን ስትጠሩ ከንፈራችሁን ወደ ጎን ሳብ አድርጋችሁ ድምፁን አስረዝሙት። ለመርከቡ ከንፈራችሁን ለቀቅ፣ ድምፁን ቆረጥ አድርጉት፤ ጮክ ብላችሁም እያፈራረቃችሁ ደጋግሙት።