ትግልና አደብ፦ ከቱርኮች የዘይት ትግል ምን እንማራለን?



በሐይቃችን ዳር ባለው ሣር ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ሲታገሉ ያላየ የአካባቢያችን ሰው የለም። እኔም ጠዋት ቁርአን ቀርቼ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ውዬ፣ በመካከል ባገኘኋት ጊዜ እዚያው ሣር ላይ ስጥልና ስወድቅ ነው ያደግሁት። መምህር ከሆንኩ በኋላ ግን ትግልን ከከለከሉት ሰዎች አንዱ ሆንኩ። ምክንያት ነበረኝ። ከማስተምራቸው ልጆች ሁለቱ በጨዋታ የጀመሩት ትግል ወደ ቡጢ ተለውጦ የአንዱ ጥርስ ወለቀ። በማግስቱ «ከእንግዲህ የታገለ ሁሉ ወላጁን ይዞ ይመጣል» ብዬ አወጅኩ።

ልጆቹ ግን ትግሉን አልተዉትም፤ ቦታውን ብቻ ለወጡ። ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ ትልቅ ሰው ወደማያይበት ሄዱ። እዚያ «በቃችሁ» የሚል ስላልነበረ ጠቡ ባሰ። አንድ ቀን የአንደኛው ልጅ አባት መጡና፣ «ኡስታዝ፣ ትግል ሐራም ነው እንዴ? እኛ እኮ በአባቶቻችን ፊት እየታገልን ነው ያደግነው» አሉኝ። ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። መልሱን ስፈልግ በመጀመሪያ ኪታቦችን፣ ቀጥሎም የቱርኮችን የዘይት ትግል ታሪክ አገላበጥኩ።

ኪታቦች ምን ይላሉ?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሩካና ከተባለ ብርቱ ታጋይ ጋር ታግለው እንደጣሉት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል፤ ቲርሚዚ ራሳቸው ሰነዱ ጠንካራ እንዳልሆነ ጠቁመዋል። በሲራ መጻሕፍት ደግሞ ከኡሑድ ዘመቻ በፊት የሆነ አንድ ታሪክ እናገኛለን። ወጣቱ ራፊዕ ኢብን ኸዲጅ ቀስት ወርዋሪ ነው ተብሎ እንዲዘምት ሲፈቀድለት፣ እኩያው ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ እርሱን መጣል እንደሚችል ተናገረ። ሁለቱም በነቢዩ ፊት ታገሉ። ሰሙራም ጣለውና ተፈቀደለት።

ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ብርቱ ሰው ማለት ሌላውን የሚጥል ሳይሆን በተቆጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን ነው። ፊትን መምታትም ከልክለዋል። እንግዲህ ጥያቄው «ልጆች ይታገሉ ወይስ አይታገሉ?» የሚለው አልነበረም። «በማን ፊትና በምን አደብ ይታገሉ?» የሚለው ነበር።

የቱርኮቹ «አርባ ምንጭ»

ቱርኮች «ክርክፒናር» የሚሉት ዓመታዊ የትግል በዓል አላቸው። ትርጉሙ ልክ እንደ ደቡቡ ከተማችን ስም «አርባ ምንጭ» ማለት ነው። የሚካሄደው ኤዲርኔ በተባለችው ከተማ ሲሆን፣ ይህች ከተማ ኢስታንቡል እ.ኤ.አ. በ1453 ከመከፈቷ በፊት የኦስማኒያ መንግሥት መናገሻ ነበረች።

ስለ አጀማመሩ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የሱልጣን ኦርሃን ልጅ ሱለይማን ፓሻ ከአርባ ጀግኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ ሲዘምት፣ ወታደሮቹ በእረፍታቸው ይታገሉ ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ አንዱ ሌላውን መጣል ተስኖት ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አድረው እዚያው ሞቱ። ጓደኞቻቸው በቀበሯቸው ሥፍራ በኋላ ምንጮች ፈልቀው ተገኙ ይባላል። አፈ ታሪክ ነውና ሁሉንም እንደ ማስረጃ አንወስደውም። በዓሉ ግን ዕድሜው የረዘመ ነው። በቱርኮች አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2023 የተካሄደው 662ኛው ነበር። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን በዓል በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

በኦስማኒያ ዘመን ታጋዮች የሚኖሩባቸውና የሚሠለጥኑባቸው ተኪያዎች ነበሩ። የነቢዩን አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ.) የታጋዮች ሁሉ አባት አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ተኪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ1925 በሕግ ቢዘጉም ሥርዓቱ አልጠፋም። ዛሬም ታጋይ የሚያድገው በአሠልጣኙ ሥር ነው፤ በወሎ ደረሳ ሸሁ ዘንድ ተቀምጦ፣ ኺድማ እያደረገ እንደሚቀራው ማለት ነው።

ዘይቱ ለምን?

«ፔህሊቫን» የሚባለው ታጋይ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ በታች የሚደርስ «ክስፔት» የተባለ የቆዳ ሱሪ ይለብሳል። ከዚያም ሰውነቱን በሙሉ የወይራ ዘይት ይቀባል። ዘይት የተቀባን ሰው በጉልበት ብቻ ጨምቆ መያዝ አይቻልም። ጡንቻው የሚያድናቸው የሚመስላቸው እዚህ ላይ ያፍራሉ። የሚረዳው ትዕግሥት፣ ብልሃትና የክስፔቱን ጠርዝ በጊዜው መያዝ ነው። በቡጢ መምታት የለም። ተጋጣሚውን በጀርባው ያስተኛ፣ ወይም ከመሬት አንሥቶ ሦስት እርምጃ የተሸከመ ያሸንፋል። ቀድሞ ግጥሚያው የጊዜ ገደብ ስላልነበረው ከአንድ ቀን በላይ የሚዘልቅበት ጊዜ ነበር። የሰዓት ገደብ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ከግጥሚያው በፊትና በኋላ የሚሆነው ነው። ተጋጣሚዎች አንዱ የሌላውን ጀርባ ዘይት ይቀባል። «ጃዝጊር» የሚባለው አስተዋዋቂ መካከል ላይ ቆሞ ስማቸውን ይጠራል፣ ዱዓ ያደርጋል፣ ይመክራቸዋል። ከበሮና ዙርና ሲመታ ታጋዮቹ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ መሬት እየነኩ ሜዳውን ይዞራሉ። ሲጨርሱ ይተቃቀፋሉ፤ ታናሹ ቢያሸንፍ እንኳ የታላቁን እጅ ይስማል። ትንንሽ ልጆችም በየደረጃቸው በዚያው ሜዳ፣ በታላላቆቻቸው ፊት ይታገላሉ።

ይህ ሲባል ቱርኮቹ እንከን የላቸውም ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታት የተከለከለ መድኃኒት በመውሰዱ የአንደኝነቱን የወርቅ ቀበቶ የተነጠቀ ታጋይ ነበር። ራሱን መግዛት ያቃተው ሰው ሜዳው ላይ ያሉትን ሁሉ ቢጥልም እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ቀበቶውን መንጠቃቸው ደግሞ አደቡ ከድሉ እንደሚበልጥባቸው ያሳያል።

እኛስ?

ያን አባት ፈልጌ አገኘኋቸውና ስህተቴን ነገርኳቸው። ልጆቹን ከሜዳ አባርሬ ካለ ሽማግሌ ትቻቸው ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዐሱር ሰላት በኋላ፣ እርሳቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ባሉበት እዚያው ሣር ላይ ይታገላሉ። ሕጋችን አጭር ናት፦ ፊት አይነካም፤ የተቆጣ ይቀመጣል፤ የጣለ የወደቀውን እጁን ይዞ ያነሣል፤ በመጨረሻም ሰላም ይባባላሉ። ዘይት አንቀባም፤ ለወጥም አልተረፈ! ጥርሱ የወለቀው ልጅና ጓደኛው ከተኳረፉ ወራት አልፈው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እርስ በርሳቸው ተያያዙ። አንዱ ሲወድቅ ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ጣዩ ትንሽ ቆም አለና እጁን ዘረጋለት።

ወላጆች ሆይ! የልጆቻችሁን ጉልበት በመከልከል ብቻ ልታጠፉት አትችሉም። ከባሕር ዛፉ ጀርባ ከሚባክን በዐይናችሁ ሥር ይሁን። ወንድሞቼ ወጣቶች ሆይ! እናንተም ባልንጀራችሁን ከመጣላችሁ በፊት ቁጣችሁን መጣል ልመዱ። እርሱ ከዘይት የባሰ የሚያዳልጥ ተጋጣሚ ነውና።

ወላሁ አዕለም።