ከቆዳ ሥር የተጻፈ አፋልጉኝ

ኖቬምበር 5 ምሽት እንግሊዝ አገር ሰማዩ በርችት ይደምቃል። ውሻ ላለው ቤት ግን የጭንቅ ምሽት ነው። አንድ ዓመት በዚያው ምሽት ከውሻዬ ከቡቺ ጋር ከደጃፋችን እንደወጣን ርችት ከአናታችን ላይ ፈነዳ። ደንግጣ ገመዱን ከእጄ አስጣለችኝና ጨለማ ውስጥ ገባች። እስከ እኩለ ሌሊት ስሟን እየጠራሁ የደቡብ ለንደንን መንገዶች ዞርኩ። ወደ ቤት የመለሳት ግን የእኔ ጥሪ አልነበረም፤ በትከሻዎቿ መካከል፣ ከቆዳዋ ሥር የተተከለ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው።

ማይክሮቺፕ ይባላል። ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሰውነት በማይቆጣው የመስታወት ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦና አንዲት ትንሽ ቺፕ ታሽገውበታል። የእንስሳት ሐኪሙ ከክትባት መርፌ ወፈር ባለ መርፌ ከቆዳ ሥር ያስገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ቺፑ ውሻው ያለበትን ቦታ በካርታ የሚያሳይ ይመስለዋል። አያሳይም፤ ያ አንገት ላይ የሚታሰረው ጂፒኤስ ሥራ ነው። ቺፑ ባትሪ የለውም። ስካነር እስኪቀርበው ድረስ ዓመታት ዝም ብሎ ይተኛል። ስካነሩ ሞገድ ሲለቅ ሽቦው ከሞገዱ ኃይል ይቀበላል፤ የሞገዱ ድግግሞሽ በዓለም አቀፉ መስፈርት 134.2 ኪሎ ኸርዝ ነው። ቺፑም በዚያች ቅጽበት የያዘውን ብቸኛ ነገር፣ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች አገሩን ወይም አምራቹን ይጠቁማሉ፤ ቀሪዎቹ 12 የውሻው መለያ ናቸው። የባለቤቱ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቺፑ ላይ የለም፤ ያለው መዝገብ ውስጥ ነው።

ቡቺን በማግስቱ ጠዋት አንዲት ሴት ከመናፈሻ ቁጥቋጦ ሥር አግኝታ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰደቻት። ልወስዳት ስሄድ ነርሷ እንዴት እንዳነበበችው አሳየችኝ። ስካነሩን ከማጅራቷ ጀምራ ቀስ እያደረገች በጀርባዋ፣ ከዚያም በጎኖቿና በፊት እግሮቿ በኩል አሳለፈችው። ቺፑ በጊዜ ብዛት ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ትከሻ ላይ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ስህተት ነው። ድምፅ ሰጠ፤ ቁጥሩም መስኮቱ ላይ ወጣ።

ጠዋት የተደወለው ግን ለእኔ አልነበረም። ስልክ ቁጥሬን ከቀየርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ ለመዝገቡ አላሳወቅኩም። ደግነቱ ውሻዋን ስናስመዘግብ የእህቴን ስልክ ተጠባባቂ አድርገን ሰጥተን ነበር። «ቡቺ ተገኘች!» ብላ የደወለችልኝ እሷ ናት። ያ ሁለተኛ ስልክ ባይኖር ኖሮ ቁጥሩ እያለ ቡቺ ባለቤት የሌላት ውሻ በሆነች ነበር።

እንግሊዝ ውስጥ ከኤፕሪል 6 ቀን 2016 ጀምሮ 8 ሳምንት የሞላው ውሻ ሁሉ ቺፕ ሊኖረውና በባለቤቱ ስም ሊመዘገብ ግድ ነው። መረጃውን አለማደስም እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ታዝዞ ያላስተካከለ እስከ 500 ፓውንድ ይቀጣል። የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስል) የያዘውን ባዛኝ ውሻ ባለቤቱ በ7 ቀን ውስጥ ካልመጣ ለሌላ ሰው መስጠት ይችላል። ከአዲስ አበባ ውሻውን ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚሄድም ቅደም ተከተሉን ይወቅ፤ መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያም የደም ምርመራ። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም።

ቺፕ ቢኖርም ፍለጋው የሰው ሥራ ነው። ውሻችሁ ሲጠፋ መጥፋቱን ወዲያው ለመዝገቡ፣ ለካውንስሉና በአካባቢው ላሉ የእንስሳት ሐኪሞች አሳውቁ። መጨረሻ የታየበት ቦታ የለበሳችሁትን ልብስ ትታችሁ ሂዱ፤ ጠረናችሁን ያውቃል። የደነገጠ ውሻ ባለቤቱንም ሊሸሽ ይችላልና ብታዩት አትሩጡበት፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ፣ በለመደው ድምፅ ጥሩት። በምትለጥፉት ማስታወቂያ ላይ ትልቅ ፎቶና ስልክ ይኑር። አንድ ምልክቱን ግን አትጻፉ፤ «አገኘሁት» የሚል አጭበርባሪ ቢደውል የምትለዩበት እሱ ነው።

በልጅነቴ ሬዲዮ ላይ «አፋልጉኝ» ሲነበብ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እናቴ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ የሚነገረውን አድራሻ ሳትሰማ አትነሳም ነበር። የጠፋውን ሰው ድንገት ብታገኘው የምትወስደው ወደዚያ ነዋ! ቺፕም ከቆዳ ሥር የተጻፈ አፋልጉኝ ነው። ስልክ ስትቀይሩ ለዘመድ አዝማድ እንደምትናገሩት ለመዝገቡም ተናገሩ። ከክሊኒኩ እንደወጣሁ፣ ቡቺ እግሬ ሥር ተኝታ፣ እኔም አዲሱን ቁጥሬን አስመዘገብኩ።